አርባ ቀኝ እጅጌ

በሆስፒታሉ ጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያውና በመድኃኒት መጋዘኑ መሃል፣ ስድስት የስፌት መኪናና አንድ ረጅም ጠረጴዛ የያዘ ክፍል አለ። ሐኪሞቹ የሚለብሱት ጋዎን፣ ታማሚው የሚተኛበት አንሶላ፣ የቀዶ ጥገናው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያ ነው። የክፍሉ አለቃ የአምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በመዝገብ ላይ የሰፈረ ደንበኛ ስም አላት፤ በዚያ የሚጠራት ግን የለም። ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ "መቀስ" ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ገና ማውራት ሲጀምር ከመሃል ቆርጣ የምትጥል ሴት ናት። እርግጥ ይህ ከኋላዋ ነው። ፊት ለፊቷማ ሁሉም "እትዬ" ብሎ አንገቱን ሰበር ያደርጋል።

እጇን የሚያማ ግን አልተገኘም። አስር ድርብ ጨርቅ አንጥፋ፣ ያንን ትልቅ ጥቁር መቀስ ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትሄድበት ላየ ሰው፣ ጨርቁ ራሱ መንገድ የሚለቅላት ይመስለዋል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። መቀሱን ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ከስድስቱ ሰፊዎች አንዷ ኪስ ትሰፋለች፣ አንዷ ጠርዝ፣ አንዷ ኮሌታ፤ ከዚያ ወዲያ አንዷም ሌላ ነገር አትሰራም። ጠዋት ጠዋት አለቃቸው ከሁሉም አንድ ሰዓት ቀድማ ትገባና የትናንቱን ስራ አንድ በአንድ ታያለች። የተጣመመ ካገኘች በምላጭ ፈትታ ራሷ ትሰፋዋለች። ለሰፊዋ ትንፍሽ አትልም። ሰፊዋም ስራዬ ሸጋ ነው ብላ በዚያው ጥምምነቷ ዓመት ዓመት ትቆጥራለች። እሷ ይህንን "ሸክማቸውን መሸከም" ትለዋለች። ሸክሙን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሙያውንም አብራ ጠቅልላ ይዛዋለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የቀኝ አውራ ጣቷ እምቢ አለ።

ለወራት ሲያማት ቅባት ስትቀባው፣ በጨርቅ ስታስረው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትለው ከርማ ነበር። የዚያን ቀን ግን መቀሱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ደግማ አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ። የአጥንት ሐኪሙ፣ እሷው የቆረጠችውን ጋዎን የለበሰ ወጣት፣ ጣቷን አገላብጦ አየና ሳቅ አለ።

"እትዬ፣ ይሄ ጣት የሦስት ሰው ስራ ሲሰራ ኖሮ አሁን ጡረታ እየጠየቀ ነው።"

"ጡረታ የለም፤ የሳምንት ፈቃድ ስጠው።"

"ስድስት ወር መቀስ አይነኩም። ከዚያ በኋላም ቃል አልገባም።"

ተከራክራ ተከራክራ ሲሰለቻት ጣቷን በጠንካራ ፕላስቲክ አስሮ፣ በፋሻ ጠቅልሎ ሰደዳት።

መጥፎ ነገር ብቻውን መምጣት አይወድም መሰለኝ፣ ማክሰኞ የአስተዳደር ኃላፊዋ አስጠራቻት። አዲሱ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል በሦስት ሳምንት ስራ ይጀምራል፤ መቶ ሃያ ጋዎን ይፈለጋል። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ ነገር አታስረዝምም። "እጅሽን አይቻለሁ፣ አዝኛለሁም። ግን ካልደረሰ ተሰፍቶ ያለቀውን ከውጭ እገዛለሁ። ያኔ የስፌት ክፍል የሚባል አያስፈልገኝም። ሰፊዎቹን ለእጥበትና ለጽዳት እመድባቸዋለሁ" አለቻት።

ረቡዕ ጠዋት የቤቷ መስታወት ፊት ቆማ የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። በግራ እጇ ታገለች፣ በጥርሷ ሞከረች፣ ቁልፉንም ራሷንም ረገመች። ባሏ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ነገረኛ ግን ሆደ ቡቡ ሰው፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ሰላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር "እርዳኝ" ስትለው ሰምቶ አያውቅም።

"እርዳኝ" አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እየቆለፈ "ለካስ ሰው ነሽ" አላት። እንደ ወትሮው ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየ። ደነገጠና የመጨረሻውን ቁልፍ ቀስ ብሎ ቆለፈላት።

ያለቀሰችው ለጣቷ መስሎት ይሆናል። እሷ ግን ቁልፉን ሲቆልፍላት የታወሳት የቁልፍ ቆርቆሮዋ ነበር። ጠረጴዛዋ ስር በምታስቀምጠው የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሁሉ በታች፣ አስራ አንድ ዓመት የተደበቀ አንድ ነገር አለ። ከዚያ ክፍል ከእሷ ሌላ መቁረጥ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ እንዳለች ታውቃለች፤ ያችኑ ሴት ደግሞ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ያስነሳቻት እሷው ናት። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ክፍሉ የራሱ ደንብ አለው። የጋዎኑ ጨርቅ ፊቱ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ፈዛዛ ነው። ሲደረብ ወይ ሁሉም ፊቱን ወደ ላይ ይነጠፋል፣ ወይ ፊት ለፊት እየተገጣጠመ ይነጠፋል። የልብሱን ልክ ጨርቁ ላይ በጠመኔ የሚስለው ሰው የቱን እንደፈለገ በጨርቁ ዳር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል፤ ኤክስ ካደረገ ፊት ለፊት፣ አንድ ሰረዝ ካደረገ ሁሉም ወደ ላይ ማለት ነው። ሰረዝ ያደረገ ሰው አንድ ግዴታ አለበት። የእጅጌውን የወረቀት ልክ አንዴ ከሳለ በኋላ ገልብጦ ደግሞ መሳል አለበት። ካልገለበጠው የሚወጣው እጅጌ ሁሉ የአንድ ወገን ይሆናል።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት የክፍሉ አለቃ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። መቀስ ያኔ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትስላለች። የምትቆርጠው የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበረች፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ እናት። ሽማግሌው ወጣቷን ባዩ ቁጥር "የዚህች ልጅ እጅ ዓይን አለው" ማለት አብዝተው ነበር። መቀስም ይህን ትሰማለች። ወንበሩን ለእሷ ሊሰጧት ነው፣ ሃያ ዓመት የለፋሁበትን፣ እያለች ስትብሰለሰል፣ አንድ ቀን ጠዋት ዳሩ ላይ ሰረዝ አደረገች፣ እጅጌውን ሳለች፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ወረቀቱን ሳትገለብጥ ደግማ ሳለች። ከሰዓት በኋላም በሌላው ድርብ ላይ ያንኑ ደገመች። ወጣቷ በምልክቱ መሰረት አንጥፋ በመስመሩ መሰረት ቆረጠች። ሲሰበሰብ አርባ እጅጌ፣ አርባውም ቀኝ ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌው ሁሉም ባሉበት "ማን ነው የቆረጠው?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለች ወጣቷ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። "ምልክቱ ኤክስ ኖሮ ይሆናል፣ እኔ ሰረዝ መስሎኝ ነው።"

ማን ሳለው ብለው አልጠየቁም። መቀስም አልተናገረችም። ሌሎቹ ሲወጡ የቁርጥራጩን ጆንያ በርብራ የጨርቁን ዳር አገኘችው። በራሷ እስክሪብቶ፣ በራሷ እጅ፣ ደማቅ አንድ ሰረዝ። ኪሷ ከተተችው። የዓመቱ ጨርቅ አልቆ ስለነበር ሃያ ጋዎን በቁርጥራጭ ጨርቅ አጭር እጅጌ ተደረገለት፤ በዚያ ብርድ ነርሶቹ ሹራብ ከላይ ደርበው ሲዞሩ ከረሙ፣ ሰፊዎቹንም እየረገሙ። ወጣቷ ወደ ኮሌታ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲህ "የኮሌታዋ" ተባለች። በወሩ መቀስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ለራሷ ስትነግር የኖረችው እንዲህ ነው፦ አልዋሸሁም፤ የተጠየቀው የቆረጠው ሰው ነው። ይህን ይዛ አስራ አንድ ዓመት ኖረች። ምን ያህል እንደከበዳት ለማወቅ ግን የሌሎችን ስፌት ስትፈታ ማየት ይበቃ ነበር። ክፍሉ ዳግመኛ አይሳሳት ብላ ነጋ ጠባ ትፈታለች፤ ሳይፈታ የቀረው የራሷ አንድ ስህተት ብቻ ነበር።

ረቡዕ ቀን መጀመሪያ በግራ እጇ መቁረጥ ሞከረች። የወጣው ነገር እጅጌ ይሁን ካልሲ የሚለይ አልተገኘም። ከዚያ የኮሌታዋን ጠራቻት። አሁን ሰላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት።

"ከነገ ጀምሮ አንቺ ትቆርጫለሽ።"

"እኔ? አይሆንም እትዬ።"

"ለምን አይሆንም?"

"አበላሻለሁ። ያኔ ያደረግኩትን እርስዎም ያውቃሉ።"

"ያኔ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ።"

"እጄ አይታመንም እትዬ። የገዛ ልጄን የትምህርት ቤት ቀሚስ እንኳን ለሰው ነው የማስቆርጠው። ስፌቱን እሰፋለሁ፤ መቀስ ስይዝ ግን ያ ሁሉ ቀኝ እጅጌ ይታየኛል።"

መቀስ ነገሩን እንደለመደችው ቆርጣ ልትጥለው ፈለገች፤ "አዝዤሻለሁ!" አለች። የኮሌታዋ እሺ ብላ መቀሱን አነሳች። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጨርቁ ላይ ልታሳርፈው ስትል መልሳ አስቀመጠችውና "ይቅርታ እትዬ" ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። መቀስ ትእዛዝ ሁሉንም ነገር ያስደርጋል ብላ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ግን አላስደረገም። የዚህች ሴት እጅ እንዲህ የሆነው በማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያን ቀን ከስራ ስትወጣ ከማጠቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። አንሶላው በገመድ ላይ ይውለበለባል። ለብቻዋ ብነግራትስ? አለች በልቧ። ከዚያ ደግሞ፣ ስሟ የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ በጓዳ ብመልሰው ምን ይጠቅማታል? ወንበሩ ይሄዳል፣ "እትዬ" መባሉ ይቀራል፣ ምናልባትም እስከ ዛሬ ያሳለፍኩት ሁሉ በዚህ አንድ ሰረዝ ይለካል። ፈራች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲፈራት ኖራ፣ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። አንጀት የሚበላው፣ እንዲህ በፈራችበት ሰዓት አጠገቧ ቁጭ የሚል አንድ የስራ ባልደረባ እንኳን አለማፍራቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቀድማ አልገባችም። ሁሉም እስኪገቡ ውጭ ጠበቀች። ከዚያ የቁልፍ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቁልፉ ተንከባለለ፣ ሁለት ሦስቱ ወለሉ ላይ ወደቁ። ከስር የወጣውን ቢጫ የሆነ የጨርቅ ዳር አንስታ መሃል ላይ አስቀመጠችው።

"አርባው እጅጌ የኔ ነው" አለች። "እኔ ነኝ የሳልኩት። ሰረዝ አድርጌ ወረቀቱን ሳልገለብጥ ቀረሁ። እሷ እንደታዘዘችው ነው ያነጠፈችው፣ እንደተሳለውም ነው የቆረጠችው። ይህንን ያን ቀን ከጆንያው አውጥቼ ደበቅኩት። ወንበሩ ለእሷ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው።"

ኪስ የምትሰፋዋ፣ የኪሷ ሴትዮ፣ ከሁሉም ታላቋ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኮሌታዋ መጣችና ቁራጯን በሁለት ጣቷ አነሳች። ሰረዟን አየቻት፣ ገልብጣም አየቻት፤ ሌላ ምልክት የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቁራጯን ከተተችበትና ወጣች።

መቀስ ትከተላታለች ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ጎንበስ ብላ የወደቁትን ቁልፎች መልቀም ጀመረች። ቆይቶ የኪሷ ሴትዮ "እና እኛስ አሁን ምን እንስራ?" አለች፣ እየኮሰተረች።

መቀስ ከክምሩ ላይ የትናንት ኪስ አነሳች። "ይሄ ኪስሽ ነው። ጠሟል። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት እየፈታሁ ስሰፋልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልፈታሁትም። ነይ፣ የት ላይ እንደሚጠም አብረን እንየው።"

"ስንት ዓመት?!" አለች ሴትዮዋ። እንደተቀየመች ያስታውቃል። ግን መጣች። ከምሳ በኋላ የሰፋችው ኪስ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አንዴ ለመቀስ፣ አንዴ ለጎረቤቷ፣ አንዴ ለራሷ አሳየችው።

ከሰዓት መቀስ የአስተዳደር ኃላፊዋ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች።

"ይህንን ለምን ነገርሽኝ? ማን ጠየቀሽ?"

"ያኔም ማንም አልጠየቀኝም" አለች መቀስ።

ኃላፊዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። "የጋዎኑ ቀን ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበርሽ እንነጋገራለን።"

ዓርብ የኮሌታዋ አልመጣችም። ቅዳሜም። መቀስ ቤቷ ድረስ ልትሄድ ተነስታ ተመለሰች። እሺ በዪኝ ብዬ ደጇ ላይ ብቆም፣ ያው ዞሮ ዞሮ ማስገደድ ነው አለች። ባሏ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ "እኔን እንኳን እንዴት አልነገርሽኝም?" ብሎ ተቀየማት፤ ሸሚዟን ግን ቆለፈላት።

ሰኞ ጠዋት ስትደርስ በሩ ተከፍቷል። የኮሌታዋ ረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። አስር ድርብ ጨርቅ፣ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ፣ አንጥፋ ጨርሳለች።

"ሁለት ቀን ተኛሁ" አለች፣ ዞር ሳትል። "አስራ አንድ ዓመት ዓይኔን ስጠራጠረው ነው የኖርኩት። መንገድ ስሻገር እንኳን መብራቱን ሁለቴ ነው የማየው። ይህን ያውቃሉ?"

"አላውቅም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ።"

"ይቅር አላልኩዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"ይቅር አለችኝ ብለው እንዳያወሩ።"

"አላወራም።"

እዚህ ላይ መቶ ሃያው ጋዎን ከቀኑ ቀደም ብሎ መድረሱን ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። ኮሌታውን የኪሷ ሴትዮ ሰፋች፤ ኪሱን ደግሞ ጠርዝ ሰፊዋ ተማረች። የአስተዳደር ኃላፊዋ እጅጌዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ከቆጠረች በኋላ፣ ስለ ወንበሩ የሚነገረውን ነገር ለሰፊዎቹ ተወችላቸው። እነሱም ሁለት ቀን ተከራክረው፣ ማስተማሩን እስካላቆመች ትቀመጥ፣ መቀሱ ግን የኮሌታዋ ይሁን አሉ። በዓመቱ ከስድስቱ አራቱ መቁረጥ ችለዋል። የኮሌታዋ ልጅም በእናቷ እጅ የተቆረጠ ቀሚስ ለብሳ ወደ ክፍሉ መጥታ ነበር፤ መቀስ አይታ የሆነ ነገር የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብላ ቆየች።

ያ ሁሉ ግን በኋላ ነው። የዚያን ሰኞ ጠዋት የኮሌታዋ የወረቀቱን ልክ አንስታ ለመቀስ ሰጠቻት።

"ይሳሉ።"

"እኔ?"

"እንደዚያን ቀን እርስዎ ይሳሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። ምልክቱንም ያድርጉ።"

መቀስ በግራ እጇ እስክሪብቶ ይዛ ዳሩ ላይ አንድ ሰረዝ አደረገች። ጠመኔውን አነሳች፤ እጅጌውን ሳለች። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ የኮሌታዋ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በመዳፏ ያዘችላት። ሲያልቅ መቀስ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ዘርግታም አሳየቻት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሳለች።

"ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ" አለች የኮሌታዋ፣ "የሳለ ሰው ከምልክቱ አጠገብ ስሙን ይጽፋል። ማን ሳለው ብሎ መጠየቅ እንዳያስፈልግ።"

መቀስ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ለአንድ ቃል ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ፊደሎቹ ገና መጻፍ የሚማር ልጅ የጻፋቸው ይመስሉ ነበር። የጻፈችው "መቀስ" ብላ አይደለም፣ "እትዬ" ብላም አይደለም። እናቷ ያወጣችላትን፣ ማንም የማይጠራበትን ስም ነው።

የኮሌታዋ ጠጋ ብላ ስሙን ድምጿን አውጥታ አነበበችው። ከዚያ ጥቁሩን መቀስ አነሳች፣ እጇም አልተንቀጠቀጠም።